ማደንዘዣ አይስማማንም ከሚል ቤት ወጥቶ መውለድ

እናቴ ታናሽ ወንድም ነበራት። ገና ጎረምሳ ሳለ ለትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ፣ በሕይወት አልወጣም። ሆዱ ሳይከፈት ነው አሉ ነገሩ የተበላሸው፤ መንጋጋው ተቆለፈ፣ ሰውነቱ ግትር አለ፣ ልቡ መጋለብ ጀመረ፣ ትኩሳቱ ማንም አይቶት የማያውቀው ደረጃ ደረሰ። ለቤተሰቡ የተነገረው «ማደንዘዣው አልተስማማውም» የሚል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር እኛ ቤት ሕግ ሆነ። የእኛ ዘር ማደንዘዣ አይስማማውም፣ አለቀ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ የሚያብራራም የለም። አንዷ አክስቴ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ሕመም ይዛ ለዓመታት ስትሰቃይ ኖራለች። አንዱ አጎቴ ደግሞ ድዱን ላለመወጋት ሲል ያበጠ ጉንጩን ይዞ ይከርማል።

ይህ ሕግ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ውሸት ነው፣ ያውም ሰው የሚጎዳ ውሸት። የትኛው የትኛው እንደሆነ በደንብ የገባኝ ሳረግዝ ነው።

ነገሩን ያወጣችው የአክስቴ ልጅ ናት። እጇ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ስትሆን ያው የሟቹ አጎቴ ነገር ጀመራት። የእሷ ዕድል ደግ ነበር፤ ማደንዘዣ የሚሰጣት ባለሙያ ምልክቱን ወዲያው አወቀው፣ ጋዙን ዘጋ፣ መድኃኒቱም እዚያው ነበር። ተረፈች። በኋላ ደሟ ሲመረመር አር-ዋይ-አር-ዋን በሚባለው ጂን ላይ ስህተት ተገኘ። ለሥጋ ዘመድ ሁሉ የሚሰጥ ደብዳቤም ተጻፈላት። ደብዳቤው እኔ ጋ ሲደርስ አራተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ተመረመርኩ። አለብኝ።

ሕመሙ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ ይባላል። ሐኪሞቹ ባጭሩ ኤምኤች ይሉታል፣ እኔም እንደዚያው ልበለው። «ሕመም» ማለትም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ምንም ሆኜ አላውቅም። እሮጣለሁ፣ እሸከማለሁ፣ ደረጃ እወጣለሁ። ችግሩ ያለው ጡንቻዬ ውስጥ ነው። ጡንቻ ሲኮማተር ካልሲየም ከማከማቻው ይወጣል፣ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ይህ ጂን የሚሠራው የማከማቻውን በር ነው። የእኔ በር በአዘቦት ቀን ይከፈታል፣ ይዘጋል። የተወሰኑ መድኃኒቶች ሲነኩት ግን ጎማው እንደተበላ ቧንቧ አልዘጋም ይላል። ካልሲየሙ ይጎርፋል፣ ጡንቻው ሁሉ ተኮማትሮ ይቀራል፣ ያለ የሌለውን ኃይል ያቃጥላል፣ ሙቀት ያመነጫል። ደም ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል፣ ከተጎዳው ጡንቻ የሚወጣው ፖታሲየም ልብን ያዛባል። ስሙ የትኩሳት ስም ቢሆንም ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ቀድሞ የሚታየው በሽተኛው የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለ ምክንያት ሽቅብ መውጣቱ ነው፣ እሱም ማሽኑ ላይ ዓይኑን ተክሎ ለሚጠብቅ ሰው።

እና የትኞቹ ናቸው መድኃኒቶቹ? ሁለት ዓይነት ብቻ። አንደኛው እየተነፈሱ የሚያስተኙት ጋዞች ናቸው፤ ሃሎቴን፣ አይሶፍሉሬን፣ ሴቮፍሉሬን፣ ዴስፍሉሬን። ሁለተኛው ሱክሲኒልኮሊን የሚባለው፣ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት ጡንቻን ባፍታ የሚያዝለው መርፌ ነው። ከዚህ ውጪ ፕሮፖፎል የለበትም፣ ኬታሚን የለበትም፣ ናይትረስ ኦክሳይድ የለበትም፣ ሞርፊን የለበትም። ጥርስ ሐኪሙ ድድ ላይ የሚወጋው ሊዶኬይንም የለበትም፣ በጀርባ የሚሰጠው ቡፒቫኬይንም የለበትም። አጎቴ ያን ሁሉ ዓመት ጉንጩን ይዞ የከረመው በከንቱ ነበር ማለት ነው። ስነግረው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙም ደስ አይልም ነበር።

የዚህ ሕመም ታሪክ ራሱ የሚጀምረው እንደ እኛ ባለ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አውስትራሊያ ሜልቦርን ውስጥ አንድ የ21 ዓመት ወጣት እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባ። ልጁ ከእግሩ ይልቅ ማደንዘዣውን ፈራ። አስር ዘመዶቹ በኤተር ሲደነዝዙ ሞተውበታል። ሐኪሞቹ ሰሙት፣ ኤተሩን ትተው በወቅቱ አዲስ የነበረውን ሃሎቴን ሰጡት። ሃሎቴንም ያው ሆኖ ተገኘ፤ ግን ተጠንቅቀው ስለነበር ቶሎ አቁመው በበረዶ አቀዝቅዘው አተረፉት። ደንቦሮና ሎቬል የተባሉት ሐኪሞች ጉዳዩን በዚያው ዓመት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡት። እኔን የሚገርመኝ ልጁ ሳይፈራ መናገሩ ነው። እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ «ዘመዶቼ እንዲህ ሆነው ሞተዋል» ባይል ኖሮ አስራ አንደኛው እሱ ይሆን ነበር። የቤተሰብ ወሬ ብለን የምንንቀው ነገር አንዳንዴ ከላቦራቶሪ ይቀድማል፤ ማንም ሐኪም ጆሮ ውስጥ ካልገባ ግን ለአያቶች ጨዋታ ብቻ ነው የሚሆነው።

ያኔ ይህ ነገር የጀመረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሞት ነበር። የዛሬውን መድኃኒት ዳንትሮሊንን ለዚህ የሞከሩት በአሳማ ላይ ነው። ኤምኤች ያለባቸው አሳማዎች አሉ፤ ወደ ቄራ ሲጓዙ ከጭንቀት ብቻ ይሞታሉ። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ዳንትሮሊን እነዚህን አሳማዎች እንደሚያድን እ.ኤ.አ. በ1975 አሳየ፣ በ1979 ደግሞ አሜሪካ ለሰው ፈቀደችው። መድኃኒቱ ባለበትና ቶሎ በሚሰጥበት ቦታ ዛሬ የሚሞተው ከአስሩ አንድ እንኳ አይሞላም። መድኃኒቱ ባለበት ቦታ፣ ነው ያልኩት።

ወደ እርግዝናው ልምጣ።

ከከባድ እርግዝና ክትትል ክፍል ወደ ማደንዘዣ ሐኪሟ ላኩኝ። ዕድሜዋ እናቴን የሚያህል ሴት ናት፣ አነጋገሯ ቀጥ ያለ። ከመቀመጤ፣
«ዶክተር፣ እኔ መቼም ሙሉ ማደንዘዣ አይሰጠኝም አይደል?» አልኳት።
«ማን አለሽ? ካስፈለገ አስተኛሻለሁ። የሚለየው በምን እንደማስተኛሽ ነው።»
«እናቴ እኮ...»
«እናትሽን አምጫት፣ አስረዳታለሁ። አንቺ ግን አንድ ነገር ያዢልኝ፤ 'ማደንዘዣ አይስማማኝም' እንዳትዪ። እንደሱ ያልሽው ሰው ፈርቶ የሚያስፈልግሽን ይከለክልሻል፣ ወይ ደግሞ አለርጂ ነው ብሎ ያልፍሻል። ጋዞቹንና ሱክሲኒልኮሊንን በስማቸው ጥሪያቸው።»

እዚያች ክፍል ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ያተረፍኩት ይህንን ነው። ብዙ እርጉዝ ሴቶች፣ እኔም ጭምር፣ ይዘነው የምንመጣው ጥያቄ «ጀርባ ወይስ ሙሉ?» የሚል ነው። ጓደኞቼ ሁሉ በዚህ ላይ አቋም አላቸው። አንዷ በጀርባ ተወግታ እስከ ዛሬ ወገቧን እንደሚያማት ትምላለች፣ ሌላዋ ነቅታ ልጇን ሲያወጡ ማየቷን እንደ ጀብድ ታወራለች። ብርቅ የሆነ የዘር ሕመም ላለባት ሴት ግን ጥያቄው እንደዚያ ሲቀመጥ መልስ የለውም። ሕመሙ ስም ከሌለው፣ መድኃኒቶቹም በስም ካልተጠሩ፣ «ጀርባው ይሻላል» የሚለው ምክር ራሱ ግምት ነው። ለእኔ እውነት ሆነ። ለሌላዋ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ሌላዋ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። እዚያው ክፍል በር ላይ ተራ ስንጠብቅ ከአንዲት ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣቶቿ የሚያማምሩ ልጅ ጋር ተግባባን። ማርፋን የሚባለው፣ የሰውነትን ማያያዣ የሚያላላ የዘር ሕመም አለባት። እኔ ስለ ጋዝ ስጨነቅ እሷ የምትጨነቀው ስለ ጀርባዋ ነው። ማርፋን ያለባቸው ብዙ ሰዎች የአከርካሪያቸውን ፈሳሽ የያዘው ከረጢት ታችኛው ወገብ ላይ ይሰፋል። ከረጢቱ ሲሰፋ ፈሳሹ ይበዛል፣ በአንድ መርፌ የሚሰጠው መድኃኒት እዚያ ውስጥ ቀጥኖ ይቀርና አንዳንዴ ማደንዘዝ ያለበትን ያህል አያደነዝዝም። በዚያ ላይ ትልቁ የደም ሥሯ ከልቧ ሥር ሰፍቷል። ደም ግፊቷ በድንገት ከወጣ የደም ሥሩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ለእሷ ምጡም ያለ ማደንዘዣ አይሆንም፣ ተኝታ የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባ የሚመጣው የግፊት ዝላይም አይሆንም። ሐኪሞቿ የመረጡላት ካቴተር የሚባለው ቀጭን ቱቦ ጀርባዋ ላይ እየቆየ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ የሚሞላበትን ኤፒዱራል ነው፣ ያውም ወገቧ ኤምአርአይ ከተነሳ በኋላ። ሁለታችንም «ኤፒዱራል» የሚል ወረቀት ይዘን ወጣን። ምክንያታችን ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ሌሎችም አሉ። ደማቸው የማይረጋ ሴቶች ጀርባቸው ሲወጋ አከርካሪው ውስጥ ደም ሊቋጠርና እግራቸውን ሊያሽመደምድ ይችላል። ከእነዚህም መካከል ልዩነት አለ፤ ፎን ቪለብራንድ ከሚባለው የደም አለመርጋት ሕመም ቀለል ያለው ዓይነት ያለባት ሴት የጎደላት ነገር በእርግዝና ጊዜ ራሱ ከፍ ይላል፣ መጨረሻው ወር ላይ ደሟ ተለክቶ ደህና ነሽ ልትባልና ልትወጋ ትችላለች። ከወለደች በኋላ ግን መልሶ ይወርዳልና ካቴተሩ መቼ እንደሚነቀል ራሱ ሐሳብ ይፈልጋል። አኪዩት ፖርፊሪያ የሚባል፣ ሰውነት የደምን ቀለም የሚሠራበትን መንገድ የሚያዛባ የዘር ሕመም ያለባትን ደግሞ ቲዮፔንታል የሚባለው ጥንታዊ የማስተኛ መርፌ ሊጥላት ይችላል። እሷን ባዶ ሆድ ማስዋልም አንድ አደጋ ነው፣ ስለዚህ ግሉኮሱ ይሰቀልላታል። ማዮቶኒክ ዲስትሮፊ የሚባል ጡንቻን የሚያደክም የዘር ሕመም ያለባት ደግሞ ለሌላ ሰው ቀላል የሆነ የሕመም ማስታገሻ ትንፋሿን ሊቀንስባት ይችላል። ሱክሲኒልኮሊንን የሚፈጨው ኢንዛይም በዘር የጎደላት ሴት ደግሞ ለእኛ ደቂቃዎች የሚቆየው መዛል ለእሷ ሰዓታት ይቆያል፤ እስኪለቃት ተኝታ በማሽን እየተነፈሰች ትጠብቃለች እንጂ አትሞትም፣ የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ካለ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሐኪም ለመምሰል አይደለም። ከእኔ ተሞክሮ ተነስታ «ለብርቅ ሕመም ጀርባው ነው የሚሻለው» ብላ የምትሄድ አንባቢ እንዳትኖር ነው።

የእኔ ዕቅድ ቀላል ይመስላል፣ ቀላልነቱ ግን ሰዓት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዶክተሯ እንዲህ አስረዳችኝ። እርጉዝን ማስተኛት ለማንም ባለሙያ ከባድ ነው። ጉሮሮዋ ያብጣል፣ ቱቦው እንደ ልብ አይገባም። ለሁለት ስለምትተነፍስ ኦክስጅኗ ቶሎ ያልቃል። ሆዷ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባዋ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በፍጥነት ነው የሚሆነው፣ ለፍጥነት ደግሞ ለረጅም ዘመን የታመነበት መድኃኒት ያው ሱክሲኒልኮሊን ነው። ሌሊት፣ የጽንሱ ልብ ምት ወርዶ፣ ሰው ሁሉ እየሮጠ፣ እጅ የለመደውን ነው የሚያነሳው። «የምፈራልሽ ሕመምሽን አይደለም» አለችኝ፣ «የምፈራው ያን ሌሊት ተረኛ የሚሆነውን ሰው ችኮላ ነው።»

ሱክሲኒልኮሊን ባይኖርስ? ሮኩሮኒየም የሚባል አለ። መጠኑ ከፍ ተደርጎ ሲሰጥ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ይሠራል፣ ኤምኤች አይቀሰቅስም። ሱጋማዴክስ የሚባለው ማፍረሻው ካለ ደግሞ ቱቦው ባይገባ እንኳ ቶሎ ይመልሱታል። በጋዙ ፋንታ ፕሮፖፎል በደም ሥር እየተንቆረቆረ ያስተኛል። እንዲያውም በዚህ በኩል ትንሽ ትርፍ አለ፤ ጋዞቹ ማህፀንን ያላላሉ፣ የላላ ማህፀን ደግሞ ይደማል። ፕሮፖፎሉ በዚህ በኩል ይሻላል።

ማሽኑ ግን ራሱ ጣጣ አለው። ትናንት ሌላ ሰው በሴቮፍሉሬን ያስተኛ ማሽን ጎማውና ፕላስቲኩ ውስጥ ጋዝ ያስቀራል። ለእኔ ከመሆኑ በፊት የጋዝ ማትነኛዎቹ ይነቀላሉ፣ ቱቦዎቹ ይቀየራሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጠው ዱቄት ይለወጣል፣ ከዚያ በከፍተኛ ኦክስጅን ይታጠባል። ለድሮዎቹ ማሽኖች ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ለአንዳንዶቹ አዳዲሶች ከአንድ ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። የከሰል ማጣሪያ የተገጠመለት ማሽን ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፣ ሆስፒታሉ ማጣሪያው ካለው። ልብ ምቱ የወረደ ጽንስ አንድ ሰዓት አይጠብቅም። ስለዚህ ነው ኤፒዱራሉ ገና ምጡ ሳይጠነክር የሚገባው፤ የሚሠራ ካቴተር ጀርባዬ ላይ ካለ፣ ድንገት ኦፕራሲዮን ቢመጣ በዚያው መድኃኒቱን ይሞሉታል እንጂ ወደ ማሽኑ አይሮጡም። እኔ ኤፒዱራል የምጥ ቅንጦት ይመስለኝ ነበር። ለካ የእኔ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር እሱ ነው።

«ቀድሞ ዳንትሮሊን ብትሰጡኝና ቢያበቃስ?» ብዬም ጠይቄያለሁ። ድሮ ያደርጉት ነበር አሉ። አሁን አይመከርም። መድኃኒቱ ጡንቻ ያደክማል፣ እንግዴ ልጁን አልፎ ሕፃኑን ሊያልፈሰፍስ ይችላል፣ ማህፀንም እንዳይጨብጥ ሊያደርግ ይችላል። የሚቀሰቅሰው ነገር ካልተሰጠኝ ለምን ልቀበለው? ምጥ ብቻውን ኤምኤች አያስነሳም። ግን መኖር አለበት። ዶክተሯ ሳጥኑን ከፍታ አሳየችኝ፣ በተርታ የተደረደሩ ብልቃጦች፣ ውስጣቸው ብርቱካንማ ዱቄት። ቀኑ ያለፈበት ለመለማመጃ የተቀመጠ አንድ ብልቃጥ ሰጠችኝና «በይ በጥብጪው» አለች። 60 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ገባበት። ነቀነቅኩት፣ ደፍርሶ ቀረ። አሁንም ነቀነቅኩት። ክንዴ ሲዝል ገና ሥሩ ላይ ፍርፋሪ ይታያል። አንዱ ብልቃጥ የሚይዘው 20 ሚሊ ግራም ነው። 70 ኪሎ ለምትመዝን ሴት የመጀመሪያው መጠን ብቻ 175 ሚሊ ግራም ያህል ይሆናል፣ ዘጠኝ ብልቃጥ። ሆስፒታሎች 36 ብልቃጥ እንዲይዙ የሚመከረው ለዚህ ነው። አሁን 250 ሚሊ ግራሙ በ5 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚበጠበጥ አዲስ ዓይነት አለ፣ ሁሉም ቦታ ግን አይገኝም። ያቺን ብልቃጥ ከነቀነቅኩ በኋላ፣ አንድ ሰው ብቻውን አንዲትን ሴት ከዚህ ነገር ማውጣት እንደማይችል ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። ብዙ እጅ ይፈልጋል፣ እጆቹም ሳጥኑ የት እንዳለ ማወቅ አለባቸው።

ምጡ የመጣው በሌሊት ነው። (ሁልጊዜ በሌሊት ነው።) የመዝገቤ ሽፋን ላይ በቀይ የተጻፈው ጽሑፍ ሥራውን ሠራ፤ አዋላጇ ካርዱን አንብባ ገና ማህፀኔን ሳትለካ ለማደንዘዣ ክፍሉ ደወለች። ተረኛው ወጣት ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው አይቶ እንደማያውቅ በግልጽ ነገረኝ። ወደድኩት። ደብዳቤዬን ቁጭ ብሎ አነበበ፣ ዶክተሯ ቤቷ ደወለላት፣ ከዚያ ኤፒዱራሉን አስገባ። እግሬ ሞቀኝ፣ ሕመሙ ወደ ጥብቀት ተለወጠ፣ እንቅልፍ ሁሉ ወሰደኝ።

ሲነጋጋ ትኩሳቴ ተለካና 38 ከምናምን ሆነ። እናቴ ክፍሉ ውስጥ ነበረች። ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ወንድሟን ነው ያየችው። እኔም ልቤ ወረደ። ወጣቱ ሐኪም መጣ፣ ክንዴን ይዞ አጣጠፈው፣ መንጋጋዬን አስከፈተኝ፣ ሽንቴን አየ፣ ደም ወሰደ። ከዚያ ለእናቴ በእርጋታ አስረዳት። ጋዝ አልተሰጣትም፣ ሱክሲኒልኮሊን አልተሰጣትም፣ ጡንቻዋ ልል ነው፣ የደሟ አሲድ ደህና ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት በኢንፌክሽን ታተኩሳለች፣ ኤፒዱራል ራሱም አንዳንዴ ያተኩሳል። ትኩሳት ያየ ሁሉ ኤምኤች ነው ብሎ ቢደነግጥ ኢንፌክሽኑ ይረሳል፣ እሱ ደግሞ እናትንም ልጅንም ይገድላል። አንቲባዮቲክ ጀመሩልኝ። ይህንን ክፍል ከሁሉ በላይ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ፤ ብርቅ ሕመም ያለበት ሰው ተራ በሽታም ይይዘዋል፣ ግን ተራውን የሚያይለት ሰው ይጠፋል።

ከዚያ የልጁ ልብ ምት መውረድ ጀመረ፣ ወርዶም ቶሎ አልመለስ አለ። ኦፕራሲዮን ተባለ። አልጋዬ ሲገፋ ወጣቱ እየተራመደ ካቴተሩ ውስጥ መድኃኒቱን ይሞላ ነበር። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ገብቼ ጭንቅላቴ አጠገብ ያለውን ማሽን አየሁት። ማትነኛዎቹ ተነቅለዋል፣ የነበሩበት ቦታ ባዶ ነው፣ ከላዩ ላይ «ኤምኤች፣ ጋዝ የለም» የሚል ፕላስተር ተለጥፏል። የመድኃኒት ጠረጴዛው ላይ የፕሮፖፎልና የሮኩሮኒየም ሲሪንጆች ተደርድረዋል፣ ባያስፈልጉም። አላስፈለጉም። ሆዴን ሲጎትቱት ተሰማኝ፣ ሕመም ግን የለውም። ልጁ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ይህን ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከእንግዴ ልጁ ገመድ ደም ተወስዶ ለጂን ምርመራ ተላከ። ውርሱ ከአንድ ወላጅ ብቻ ስለሚበቃው ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እስኪታወቅ ድረስ መዝገቡ ላይ እንዳለበት ተደርጎ ተጻፈ፣ እኔም ይህ ነው የሚመቸኝ። ቤተሰብ ውስጥ አንዴ በሰላም መደንዘዝም ነፃ አያወጣም። ኤምኤች ያለባቸው ብዙ ሰዎች ሁለቴ ሦስቴ ምንም ሳይሆኑ ተደንዝዘው ከዚያ በኋላ ነው የሚታመሙት። የደም ምርመራው ስህተቱን ካገኘ አለብህ ይላል፣ ካላገኘ ግን ሁልጊዜ የለብህም ማለት አይደለም። ቁርጡን ለማወቅ ከጭን ትንሽ ጡንቻ ቆርጠው የሚመረምሩበት ዘዴ አለ፣ በጣት የሚቆጠሩ ቦታዎች ብቻ ይሠሩታል፣ እርጉዝን ደግሞ ለዚህ ብለው አይቆርጧትም፤ እንዳለባት ቆጥረው ያዋልዷታል።

አሁን የቀረኝ ጣጣ ወንድሜ ነው። ሚስቱ አርግዛለች። እሷ ከእኛ ዘር አይደለችም፣ ጡንቻዋ ጤነኛ ነው፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ «እሷን አይመለከታትም» ብሎ ተረጋግቷል። ወንድሜም «የምትወልደው እሷ፣ የምትደነዝዘው እሷ፣ እኔን ምን አገባኝ?» ይለኛል። አገባህ እንጂ! እሱ ጂኑን ይዞ ከሆነ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ግማሽ ዕድል አለው። ሱክሲኒልኮሊን እንግዴ ልጁን የሚያልፈው በጣም ጥቂቱ ነው፣ ጋዞቹ ግን በቀላሉ ያልፋሉ። ተኝታ ኦፕራሲዮን ብትሆን ልጁ ወጥቶ እትብቱ እስኪቆረጥ ድረስ በጋዝ ፋንታ በፕሮፖፎል ማስተኛት ይቻላል፣ ለእሷም የሚጎዳት ነገር የለም። የሚያስፈልገው አንድ ሰው አስቀድሞ መናገሩ ነው።

ችግሩ የእርግዝና ክትትል ቅጹ ስለ እናት ቤተሰብ ይጠይቃል እንጂ ስለ አባት ቤተሰብ ማደንዘዣ የሚል መስመር የለውም። የወንድሜን ሚስት ይዣት ሄድኩ፣ ነርሷን ለመንኳት፣ ኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችልን፦ «የአባት ቤተሰብ ኤምኤች፣ ጋዝ አይሰጥ፣ ማደንዘዣ ክፍል ይታይ»። ወንድሜ በሚቀጥለው ሳምንት ደም ሊሰጥ ቃል ገብቷል። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ እኔው ይዤው ነው የምሄደው።